ፊልሞች ሁሉ ተመሳሰሉ? አንድ ረጅም ክርክር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው

የመክፈቻው ጽሑፍ

ክሩን፣ ማለትም የኢንተርኔት ውይይቱን፣ የከፈተው ሰው ነገሩን አላለሳለሰም። የዛሬ ሲኒማ ፈጠራ ነጥፎበታል አለ፤ በቃ። ማስረጃው የ2019 የዓለም የገቢ ሰንጠረዥ ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በዚያ ዓመት ብዙ ገንዘብ ያስገቡትን አሥር ፊልሞች ጠቀሰ። አቬንጀርስ፣ ዘ ላየን ኪንግ፣ ፍሮዝን ሁለት፣ ቶይ ስቶሪ አራት፣ አላዲን፣ ስታር ዋርስ እያለ ወረደ። ከአሥሩ አንድም ወጥ ታሪክ የለም። ወይ የቀድሞ ፊልም ቀጣይ ክፍል ነው፣ ወይ ድሮ የተሠራው እንደገና ተሠርቶ ነው፣ ወይ ከኮሚክ መጽሐፍ የመጣ ነው።

ከዚያ ወደ 1982 መለስ አለ። በዚያ ዓመት ሰውን ሁሉ ያሰለፈው ኢ.ቲ. ነበር። አንድ ልጅና ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር። ከመጽሐፍ አልተቀዳም፣ ከሌላ ፊልም አልቀጠለም። ዛሬ እንዲህ ያለ ታሪክ ይዞ ስቱዲዮ የሚሄድ ሰው በሩ ይከፈትለታል ወይ ብሎ ጠየቀ። ወይስ ይሄ የእኔ ናፍቆት ብቻ ነው?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ግን ፊልም የሚወድ ሰው ሁሉ ውስጡ የሚብላላ ጉዳይ ነው፤ እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ። ምላሾቹን አንድ በአንድ ተከታትያለሁ። ቁም ነገር ያለባቸው ላይ ሰፋ እላለሁ፤ ሌላውን በአጭሩ አልፋለሁ።

ምላሽ 1

የመጀመሪያዋ መላሽ ወዲያው ተስማማች። እሷን ያንገሸገሻት ትሬለሩ፣ የፊልሙ አጭር ማስታወቂያ፣ ነው። ከበሮው ድም ይላል፣ ስክሪኑ ይጨልማል፣ አንድ የታወቀ የድሮ ዘፈን በቀስታ ይንቆረቆራል፣ እንደገና ድም። ዓይኗን ጨፍና ብታዳምጥ አንዱን ከሌላው እንደማትለይ ጻፈች።

ምላሽ 2

እዚህ ላይ ነገሩን የሚያውቅ ሰው መጣ። በትህትና ነው የጀመረው፤ ክሩን የከፈተውን አመስግኖ፣ ግን አንድ ነገር ላርም አለ። አንድን ፊልም ደግሞ መሥራት የዛሬ አመል አይደለም። ከሲኒማ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። የኤድዊን ፖርተር ዘ ግሬት ትሬይን ሮበሪ በ1903 ወጣ፤ በዓመቱ፣ በ1904፣ ሲግመንድ ሉቢን የተባለ ፕሮዲውሰር ያንኑ ፊልም በዚያው ርእስ ትዕይንት በትዕይንት ገልብጦ አወጣው። ቤን ኸር በ1907፣ በ1925፣ በ1959 እና በ2016 ተሠርቷል፤ 11 ኦስካር የጠራረገው ሦስተኛው ነው። ኤ ስታር ኢዝ ቦርን ደግሞ 1937፣ 1954፣ 1976፣ 2018።

ከሁሉ የወደድኩለት ግን የዘ ማልቲዝ ፋልከንን ጉዳይ ነው። ሰው ሁሉ የመርማሪ ፊልም አባት አድርጎ የሚያነሳው የ1941ዱ ሥራ ሦስተኛ ሙከራ ነበር። ያው ስቱዲዮ ያንኑ ልብ ወለድ በ1931 ሠርቶታል፤ በ1936 ርእሱንና የሰዎቹን ስም ቀያይሮ እንደገና ሞክሮታል። በአሥር ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ማለት ነው። ያ የሆነው ዛሬ ሁላችንም ወርቃማ ዘመን ብለን በምናወድሰው ጊዜ ነው።

ምላሽ 3

ሦስተኛዋ ለሁለተኛው በቀጥታ መለሰች። ቀኖቹን ተቀበለች፣ መደምደሚያውን ግን አልተቀበለችም። የ1941ዱን ፊልም የሠራው ጆን ሂውስተን ያኔ ገና የመጀመሪያ ፊልሙን የሚሠራ ሰው ነበር። ስቱዲዮው ለጀማሪ እድል ሰጠ፤ ጀማሪው ደግሞ የቀደሙትን አልተከተለም። ታሪኩ ተደገመ እንጂ ፊልሙ አልተደገመም ትላለች። የ2019ኙ ዘ ላየን ኪንግ ግን የ1994ቱን ብዙ ቦታ ላይ ትዕይንቱን እንኳ ሳይለውጥ ይከተለዋል። ሰው ትኬት የሚቆርጠው አዲስ ነገር ለማየት ሳይሆን የሚያውቀውን ለማረጋገጥ ነው።

ይህ ልዩነት ለእኔ ትልቅ ነው። ክርክሩ ስለ ድጋሚ መሥራት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛው መላሽ ዘግቶት ነበር።

ምላሽ 4

አራተኛው ስለ ትዝታ አነሳ። የድሮን ፊልም የምናውቀው ተበጥሮ የቀረውን ነው፤ ገለባው ነፍሷል። የአሜሪካ ኮንግረስ ላይብረሪ በ2013 ያወጣውን ጥናት ጠቀሰ። በድምፅ አልባው ዘመን አሜሪካ ውስጥ ከተሠሩት 11,000 ገደማ ረጅም ፊልሞች መካከል በመጀመሪያ ቅጂያቸው ሙሉ ሆነው የተገኙት 14 በመቶ ብቻ ናቸው። ከቀረው አብዛኛው ተቃጥሏል፣ ተበላሽቷል፣ ተጥሏል። በዚያ ውስጥ ስንት ድንቅ ሥራ እንደጠፋ የሚያውቅ የለም፤ ስንት ተመሳሳይ ግልባጭ እንደጠፋም እንዲሁ። በ1950ዎቹም ቢሆን ሳምንት በሳምንት ይወጣ የነበረው የካውቦይ ፊልም ነው። ያው ፈረስ፣ ያው ሽጉጥ፣ ያው መንደር። የዛሬው ልዕለ ጀግና የዚያ ዘመን ካውቦይ ነው አለ።

ምላሽ 5

አምስተኛው ቱግ አለ። ይህ የትዝታ ወሬ ውሃ አያነሳም፤ ይህን የሚል ሰው የ1970ዎቹን ፊልም ያላየ ነው ብሎ ጀመረ። ቻይናታውን በ1974፣ ታክሲ ድራይቨር በ1976። እነዚህን የሠሩት ትንንሽ ቡድኖች ሳይሆኑ ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ናቸው፤ ያሳዩትም በዋናዎቹ ሲኒማ ቤቶች ነው። ጀግናው በመጨረሻ ይሸነፋል፣ ክፉው ያሸንፋል፣ ማንም ይቅርታ አይጠይቅም። በሩ የተዘጋውም ባንድ በታወቀ ውድቀት ነው አለ። በ1980 ሄቨንስ ጌት የተባለው ፊልም በጀቱን ብዙ እጥፍ አልፎ፣ ወጥቶም ሳይታይ ቀረ። ያሠራውን ስቱዲዮ፣ ዩናይትድ አርቲስትስን፣ ለሽያጭ ዳረገው። ከዚያ በኋላ ስቱዲዮዎች ልጓሙን ከዳይሬክተሮች እጅ ነጠቁ።

ቁጣው ከአስፈላጊው በላይ ነበር። መረጃው ግን ልክ ነው።

ምላሽ 6

አንዱ አጭር ጻፈ፤ ስለቱ ግን የበረታ ነው። በ1970ዎቹ የሚምል ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠራው ዘ ጎድፋዘር ከ1969 ምርጥ ሽያጭ ልብ ወለድ የተወሰደ ነው። በ1974 የወጣው ሁለተኛው ክፍል ደግሞ፣ ክፍል ሁለት ሆኖ ሳለ፣ የዓመቱ ምርጥ ፊልም ኦስካርን ወስዷል። እንግዲህ መቀጠልም መቀዳትም ኃጢአት አይደለም ብሎ ሄደ። አምስተኛው ለዚህ ምንም አልመለሰም።

ምላሽ 7

እዚህ ላይ አንድ አባት ገቡ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ከሲኒማ ቤት ጀርባ፣ በማሳያ ማሽኑ ክፍል ውስጥ የሠሩ ሰው ናቸው። ወጣቶቹ ሲካረሩ ማየት እንዳልወደዱ ተናገሩና ስለ ሥራቸው አወሩ።

አንድ ፊልም በአንድ ጥቅልል አይመጣም ነበር። አንዱ ጥቅልል 20 ደቂቃ ገደማ ነው። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ማሽን ቆሟል። አንዱ እያሳየ ሌላው ተጎርሶ ይጠብቃል። ጥቅልሉ ሊያልቅ ሲል ከምስሉ በላይ፣ በቀኝ በኩል፣ ትንሽ ክብ ነጥብ ብልጭ ትላለች። ያኔ ሁለተኛውን ማሽን ያስነሳሉ። ከሰባት ሰከንድ ገደማ በኋላ ሁለተኛ ነጥብ ትመጣለች፤ በዚያች ቅጽበት ይቀይራሉ። ተመልካቹ ምንም አያውቅም። እሳቸው ግን አንድን ፊልም በየቀኑ ለሳምንታት ያንን ነጥብ ሲጠብቁ ስለሚያዩት እያንዳንዱን ትዕይንት በቃላቸው ይዘውታል።

ከዚህ ተነስተው አንድ የሚገርም ነገር አሉ። ያኔም ብዙው ፊልም ተመሳሳይ ነበር። ጥሩው ግን አዳራሽ ውስጥ ይቆይ ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት ባዶ ሆኖ ሰው ለሰው እየነገረ በሦስተኛው ሳምንት የሞላ ፊልም አይተዋል። ዛሬ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ያልሞላ ፊልም ይነሳል። ወሬው ገና ከአፍ ሳይወጣ ፊልሙ ሄዷል።

ለእኔ ከዚህ ምላሽ የሚበልጥ በክሩ ውስጥ ብዙ የለም። ሌሎቻችን ስለ ስክሪፕትና ስለ ዳይሬክተር ስንነታረክ እሳቸው ስለ ጊዜ አነሱ።

ምላሽ 8 እና 9

አንዲት ልጅ ጋሼ ብላ አመስግናቸው፣ ያቺን ነጥብ በድሮ ፊልሞች ላይ አይታ ጉድለት እንደሚመስላት ነገረቻቸው። አሁንስ እንዴት ነው የሚሠራው ብላ ጠየቀች። እሳቸውም መለሱላት። አሁን ፊልሙ የሚመጣው በሃርድ ድራይቭ ወይም በኔትወርክ ነው። የተቆለፈ ነው፤ የሚከፈተው ከአከፋፋዩ በሚላክ ዲጂታል ቁልፍ ነው፤ ቁልፉም ከዚህ ቀን እስከዚያ ቀን ተብሎ ተወስኖለት ይመጣል። ቀኑ ካለፈ ማሽኑ አያሳይም። ትርፉንም አልካዱም። ምስሉ አይጫጫርም፣ ቅጂ ለማባዛትና ለማጓጓዝ የሚወጣው ገንዘብም ቀርቷል።

ምላሽ 10 እና 11

ከዚህ ወዲያ ወሬው መንገድ ሳተ። አንዱ በሲኒማ ቤት ስልክ ስለሚያበሩ ሰዎች ምሬቱን ዘረገፈ። ሌላዋ ስለሚንሾካሾኩት ጨመረች። ተገቢ ምሬት ነው፤ ግን ርእሱ ሌላ ነው።

ምላሽ 12

አንድ የሂሳብ ሰው ክሩን ወደ ቦታው መለሰው። ችግሩ የሰው ፈጠራ ማጣት ሳይሆን የገንዘቡ አካሄድ ነው አለና ቁጥር አስቀመጠ። በ25 ሚሊዮን ዶላር የተሠራ ድራማ እንበል። ሰው እንዲያውቀው ማስታወቂያው ሌላ 25 ሚሊዮን ይፈልጋል። ከትኬቱ ግማሽ ገደማውን ሲኒማ ቤቱ ይወስዳል። ስለዚህ ኪሳራ ውስጥ ላለመግባት ብቻ 100 ሚሊዮን የሚሆን ትኬት መሸጥ አለበት። ለአንድ ጸጥ ያለ የቤተሰብ ታሪክ ይህ ከባድ ነው።

ድሮ ይህን ክፍተት የሚሞላው ዲቪዲ ነበር። ፊልሙ ሲኒማ ቤት ባይሆንለት ከወራት በኋላ በዲቪዲ ሌላ ገቢ ያመጣል። ከ2000ዎቹ አጋማሽ በኋላ የዲቪዲ ሽያጭ እያሽቆለቆለ ሄደ። ስትሪሚንግ፣ ፊልምን በኢንተርኔት ማሳየት፣ መጣ፤ ነገር ግን ተመልካቹ በየፊልሙ አይከፍልም፣ በወር ነው የሚከፍለው። ያ ሁለተኛ ገቢ ጠፋ። ሁለተኛው ገቢ ሲጠፋ መሃለኛው ፊልም ጠፋ። የቀሩት በጣም ውድ የሆኑትና በጣም ርካሽ የሆኑት ናቸው። የፍርድ ቤት ድራማ፣ ለአዋቂ የሚሆን የፍቅር ኮሜዲ፣ የጋዜጠኛ ታሪክ፣ እነዚህ ሁሉ የሚኖሩት መሃል ላይ ነበር።

ይህን ሳነብ ነገሩ በራልኝ። ብዙዎቻችን ፊልም ተመሳሰለ ስንል የምናዝነው ለዚህ መሃለኛ ፊልም ነው።

ምላሽ 13

አሥራ ሦስተኛዋ በዚያው ላይ ጨመረች። ውዱ ፊልም ወጪውን በአንድ አገር አይመልስም፤ ዓለምን ሁሉ ይፈልጋል። ቀልድ ድንበር ሲሻገር ይሞታል፣ ፍንዳታ ግን አስተርጓሚ አይፈልግም። የባለቤትነቱንም ጉዳይ አነሳች። ዲዝኒ ብቻውን ፒክሳርን በ2006፣ ማርቭልን በ2009፣ ሉካስፊልምን በ2012፣ የፎክስን የፊልም ክፍል በ2019 ጠቅልሏል። ድሮ አምስት ቦታ በር የሚያንኳኳ ጸሐፊ አሁን አንድ በር ላይ አምስት ጊዜ ያንኳኳል ብላለች።

ምላሽ 14

ይህኛው ስክሪፕት ለመጻፍ የሞከረ ሰው ነው። ጥፋቱን የጣለው በመማሪያዎቹ ላይ ነው። ብሌክ ስናይደር በ2005 ያወጣው የታወቀ መመሪያ 110 ገጽ ለሆነ ስክሪፕት ምን በየትኛው ገጽ ላይ መሆን እንዳለበት ይናገራል። በገጽ 12 የጀግናው ሕይወት ይናጋል። በገጽ 25 ወደ አዲሱ ዓለም ይገባል። በገጽ 55 መሃሉ ላይ ይደርሳል። በገጽ 75 ሁሉም ነገር ይጠፋል። አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ገደማ ነውና ሰዓት ይዛችሁ ተመልከቱ አለ። ከአንድ ሰዓት ከሩብ በኋላ አንድ ተወዳጅ ሰው ይሞታል ወይም ይከዳል።

ሰዓት ይዤ ሞከርኩት። በብዙዎቹ ላይ ይሠራል። ካወቁት በኋላ ፊልሙን በነፃነት ማየት ያስቸግራል።

ምላሽ 15

ቪዲዮ ማቀናበር ሥራዋ የሆነች አንዲት ሴት ስለ ሙዚቃው አስረዳች። ፊልሙ ገና ሲቀናበር የራሱ ሙዚቃ የለውም። የምስል አቀናባሪው ከሌላ ፊልም የተወሰደ ጊዜያዊ ሙዚቃ ይለጥፍበታል። ዳይሬክተሩ ለወራት ያንን ሲሰማ ይላመደዋል። የሙዚቃ ደራሲው ሲመጣ እንግዲህ እንዲህ ያለ ስጠኝ ይባላል። እሱም የተባለውን ይሰጣል። የእሱ ሥራ ደግሞ በተራው ለሚቀጥለው ፊልም ጊዜያዊ ሙዚቃ ይሆናል። እየዞረ እየዞረ ሁሉም አንድ ዓይነት ድምፅ ያወጣል።

ለፍትሕ ስትል ግን ተቃራኒውንም አስታወሰች። ስታንሊ ኩብሪክ ለ1968ቱ 2001፡ ኤ ስፔስ ኦዲሲ አሌክስ ኖርዝን ሙዚቃ አስጽፎ ነበር። በመጨረሻ የተጻፈውን ትቶ በጊዜያዊነት የተጠቀመባቸውን የክላሲክ ሥራዎች አስቀረ። ዛሬ ያ ፊልም ያለ እነሱ አይታሰብም። መሣሪያው አንድ ነው፤ ልዩነቱ የሚያዘው ሰው ነው።

ምላሽ 16፣ 17 እና 18

አሥራ ስድስተኛው በ14 ላይ ዘመተ። መጀመሪያ፣ መሃልና መጨረሻ ያለው ታሪክ የአርስቶትል ነው፣ አንድ የ2005 መጽሐፍ የፈጠረው አይደለም አለ። መጻፍ ያቃተው ሰው ነው መመሪያን የሚወቅሰው ብሎም ጨመረ። 14ም ዝም አላለም። አርስቶትል ገጽ ቁጥር አልሰጠም ሲል መለሰ። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ስለ ፊልም መጻፋቸውን ትተው እርስ በርስ ተዘላለፉ። የቱም ስድብ እዚህ መደገም አይገባውም። የማሽን ክፍሉ አባት ባይገቡበት ኖሮ ክሩ እዚያው ይቋረጥ ነበር። ልጆቼ፣ ሁለታችሁም ሲኒማ ትወዳላችሁ፣ ስለምትወዱት ነው የምትናደዱት አሏቸው። 16 ይቅርታ ጠየቀ። 14 ግን አልጠየቀም።

ስለ ፍሬ ነገሩ እኔ ከ14 ጋር ነኝ። ቅርጽ መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ ደቂቃው እንኳ አስቀድሞ መታወቁ ሌላ ነው። ጽሑፉን የሚመርጠው ሰው መመሪያውን ካነበበ፣ ከዚያ የወጣ ስክሪፕት ጉድለት ያለበት ይመስለዋል።

ምላሽ 19

ይህን የጻፈችው ክሩ ውስጥ ብዙ ያየች ሴት ናት። እስካሁን የተባለው በሙሉ ስለ አንድ ከተማ፣ ስለ ሆሊውድ፣ ኢንዱስትሪ ነው አለች። ሲኒማ ግን ከዚያ ይሰፋል። ከዚያ ዘረዘረች።

የኮሪያው ፓራሳይት በ2020 ኦስካር ላይ ከእንግሊዝኛ ውጭ ተሠርቶ የዓመቱን ምርጥ ፊልም ሽልማት የወሰደ የመጀመሪያው ሆነ። ኢራናዊው ጃፋር ፓናሂ በ2010 ለ20 ዓመት ፊልም እንዳይሠራ ተፈረደበት። በ2011 ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ሠራ። በ2015 ደግሞ ራሱ የታክሲ ሾፌር ሆኖ፣ ካሜራውን ዳሽቦርዱ ላይ አድርጎ ሠርቶ የበርሊን ፊልም ፌስቲቫልን ታላቅ ሽልማት፣ ወርቃማውን ድብ፣ አሸነፈ። በ2025 የካን ፊልም ፌስቲቫልን ታላቅ ሽልማት ወሰደ። ሾን ቤከር በ2015 ታንጀሪንን በስልክ ቀረጸ፤ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የሠራው አኖራ አምስት ኦስካር አገኘ።

የላትቪያውን ፍሎው ያነሳችበት መንገድ ግን ልብ ይነካል። አንድ ጥቁር ድመት ነው። ዓለም በውሃ ተጥለቅልቋል። ድመቱ አንዲት አሮጌ ጀልባ ላይ ይወጣል። አንድ ካፒባራ (ትልቅ አይጥ መሰል እንስሳ) ይቀበለዋል፤ ኋላም ሌሙር (ጦጣ መሰል እንስሳ)፣ ውሻና ትልቅ ወፍ ይጨመራሉ። በሙሉው ፊልም አንድም ቃል አይነገርም። እንስሳቱ እንደ ሰው አይቀልዱም፣ አይዘፍኑም። ድመቱ ሲፈራ ጆሮው ወደ ኋላ ይተኛል፤ ውሃ ሲያይ መዳፉን ያነሳና ይመልሳል። ትረካው ይህ ነው። የተሠራውም ማንም ሰው በነፃ በሚያወርደው ብሌንደር በተባለ ሶፍትዌር ነው። በ2025 ኦስካር ላይ የትልልቆቹን ስቱዲዮዎች ሥራ ቀድሞ የአኒሜሽን ሽልማቱን ወሰደ። ፈጠራ አልቋል የምትሉ ይህን ተመልከቱ አለች።

ምላሽ 20

ይህኛው የእኔ ነው። ከ19 ጋር የምስማማው ግማሽ መንገድ ድረስ ነው አልኩ። እንደ ዛሬ የተለያየ ፊልም የተሠራበት ዘመን ያለ አይመስለኝም። ካሜራው ረክሷል፣ ሶፍትዌሩ በነፃ ነው፣ ድሮ ካሜራ ይዘው የማያውቁ ሰዎች የራሳቸውን ታሪክ እየተናገሩ ነው። ነገር ግን መሠራትና መታየት አንድ አይደሉም። ጆስ በ1975 ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ ከ400 በላይ ሲኒማ ቤቶች በአንድ ቀን ስላሳዩት ጉድ ተባለ። አቬንጀርስ፡ ኤንድጌም በ2019 የተከፈተው ከ4,600 በላይ በሆኑ ሲኒማ ቤቶች ነው። ያን ያህል አዳራሽ አንድ ፊልም ሲይዘው ለሌላው የሚተርፈው ምንድን ነው? ፍሎው መኖሩን የማያውቅ ተመልካች ምርጫ ነበረው አይባልም። የስትሪሚንግ መተግበሪያው ዝርዝር ሺህ ፊልም ቢይዝም ፊት ለፊቴ የሚያመጣው ትናንት ያየሁትን የሚመስለውን ነው።

ይህ በጣም ያሳስበኛል። የማይፈልገውን ፊልም በአጋጣሚ ያየ ሰው ነው የሚለወጠው። እኔም ብዙ የምወዳቸውን ፊልሞች ያገኘኋቸው ሌላ የሚታይ ስላልነበረ ነው። ያ አጋጣሚ እየጠፋ ነው።

ምላሽ 21 እና 22

አንድ አባት የሆነ ሰው፣ የውጭ ፊልም እይ ማለት ቀላል ነው፣ ልጆቼ ግን የግርጌ ጽሑፉን አንብበው አይደርሱበትም ሲል ጻፈ። በድምፅ የተተረጎመውን ነው የሚመርጠው። ሌላዋ የተዋናዩ ድምፅ ከተነሳ ግማሽ ትወናው ተነሳ ብላ ተሟገተች። ለትንንሽ ልጆች እሱ ልክ ነው። ለአዋቂ እሷ ልክ ናት።

ምላሽ 23

ይህኛው ተስፋ ይዞ መጣ። ኦፐንሃይመር በ2023 ወጣ፤ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፣ አብዛኛው ሰዎች ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሲነጋገሩ ነው፣ ከፊሉም ጥቁርና ነጭ ነው። ሆኖም አንድ ቢሊዮን ዶላር ሊሞላ ጥቂት ቀረው። በ2025 ደግሞ የራያን ኩግለር ሲነርስ ከምንም ነገር ያልቀጠለ ወጥ ታሪክ ሆኖ ሲኒማ ቤቶችን ሞላ። ኩግለር ከስቱዲዮው ጋር ሲዋዋል ፊልሙ ከ25 ዓመት በኋላ የራሱ ንብረት እንዲሆን አስፈርሟል። ተመልካቹ አልተበላሸም፤ የሚያቀርብለት ነው የጠፋው አለ።

ምላሽ 24

ክሩን የከፈተው ሰው ተመልሶ ለ23 መለሰ። አነጋገሩ ለስልሷል፣ ሐሳቡን ግን አልለቀቀም። ሁለቱም ዳይሬክተሮች ያን ነፃነት ከማግኘታቸው በፊት ምን ሠሩ ብሎ ጠየቀ። የኦፐንሃይመሩ ዳይሬክተር ክሪስቶፈር ኖላን ሦስት የባትማን ፊልሞች። ኩግለር ክሪድንና ሁለት የብላክ ፓንተር ፊልሞችን። ለስቱዲዮዎች ብዙ ቢሊዮን ካስገቡ በኋላ ነው ያ ነፃነት የተፈቀደላቸው። ሂውስተን በ1941 ይህን አልተጠየቀም። ስም የሌለው ሰው፣ የራሱን ታሪክ ይዞ መጥቶ፣ በትልልቅ አዳራሾች የታየበትን አንድ ምሳሌ አምጡልኝ አለ።

ምላሽ 25

የመጣለት መልስ ጌት አውት ነው። ጆርዳን ፒል በኮሜዲ ይታወቅ ነበር እንጂ ፊልም ዳይሬክት አድርጎ አያውቅም። በ2017 የራሱን ስክሪፕት በ4.5 ሚሊዮን ዶላር ሠራ። ከ250 ሚሊዮን በላይ ገባ፤ የወጥ ስክሪፕት ኦስካርም አገኘ። መላሽዋ ምክንያቱን አስከትላ አስረዳች። አስፈሪ ፊልም ውድ ተዋናይ አይፈልግም። ፍርሃቱ ራሱ ነው ሰውን የሚጠራው። በጀቱ ትንሽ ስለሆነ ቢወድቅም ማንንም አያከስርም፤ ስለዚህ ባለገንዘቡ ለማያውቀው ሰው ይደፍራል። ያ ጠፋ የተባለው በር በዚህ ዘውግ በኩል ገና ክፍት ነው ብላለች።

ለጥያቄው የተሰጠው ጠንካራው መልስ ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። የሂሳቡ ሰው፣ 12፣ ወዲያው ተስማማ። ክሩን የከፈተው ሰው ግን አንድ ነገር አስቀረ። ስለ ትዳር፣ ስለ ሐዘን፣ ስለ ሥራ ፊልም መሥራት የሚፈልግ ወጣት ታሪኩ ውስጥ ጭራቅ ካላስገባ ገንዘብ የማያገኝ ከሆነ፣ እሱም አንድ ዓይነት ጥበት ነው አለ። ከዚያ በኋላ የተጻፉት ምላሾች በሙሉ የአስፈሪ ፊልም ምርጫዎች ናቸው።